ወይዘሮን ያከምኩባቸው ቀናት

ሐሙስ፣ 1ኛ ቀን

ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ዛሬ ከምሳ በፊት ታካሚ መጣልኝ። ዶሮ ናት።

የጎረቤታችን የመምህሩ ውሻ የጓሮውን ሽቦ ገንጥሎ ገባ። ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ ግቢው ላባ በላባ ሆኗል፤ አምስቱ ዶሮዎች ቆጥ ላይ ወጥተው ይንጫጫሉ፣ ነጯ ግን ግድግዳ ተጠግታ ቆማለች። ከክንፏ ሥር እስከ ጀርባዋ የግማሽ መዳፍ ያህል ቆዳ ተገልጦ ተንጠልጥሏል። ባለቤቴ ውሻውን በአካፋ ካባረረ በኋላ አካፋውን ማስቀመጥ ረስቶ "ወይዘሮን፣ ወይዘሮን" ይላል። ወይዘሮ የዶሮዋ ስም ነው፤ ያወጣላት እሱ ነው። እኔን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሚጠራኝ "ሲስተር" እያለ ነው። ለሚስቱ የሥራ ስም፣ ለዶሮው የማዕረግ ስም!

"ትሞታለች?" አለኝ።

"እኔ እያለሁ?" አልኩት።

ለመዝገብ ያህል የሠራሁትን ልጻፍ። ዶሮዋን በፎጣ ጠቅልዬ ጭንቅላቷን ሸፈንኩ፤ ሲጨልምባት ጸጥ አለች። የሰው ታካሚም እንዲህ ቢሆን ኖሮ ስንት ዓመት በቀለለኝ። ደሙን በንጹህ ጎዝ ተጭኜ አቆምኩ። በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ላባ በመቀስ ከረከምኩ። ውሃ አፍልቼ ጨው ጨመርኩበት፣ ለብ እስኪል ጠበቅሁ፣ ከዚያ መርፌው በተነቀለ ስሪንጅ እየረጨሁ አጠብኩ። አፈር ወጣ፣ የላባ ስብርባሪ ወጣ፣ የውሻ ምራቅ ወጣ። አልሰፋሁትም። የውሻ ንክሻ አይሰፋም፤ መስፋት ቆሻሻውን ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥ ነው። ይህን ሳስረዳው ራሱን ነቀነቀ፣ የገባው መሰለ።

አንድ ጊዜ ብቻ አፉን ከፈተ። "ደረቷን አትጫኚው፤ ዶሮ የምትተነፍሰው ደረቷን እያነሳች ነው" አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀዶ ጥገና ክፍል የኖረችን ሴት ጡረታ የወጣ አውቶቡስ ነጂ ስለ አተነፋፈስ ያስተምራታል። እጄን ግን ላላ አደረግሁ።

ዓርብ፣ 2ኛ ቀን

ጥድፊያ ላይ ነኝ። ወይዘሮ ኮሪደሩ ላይ ካርቶን ውስጥ አድራለች። ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ጠጥታለች። የዶሮ ትኩሳት ልኩ ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ ይህን ለማንም አልናገርም።

እሱ ሽቦውን ሲጠግን ዋለ። በነጠላ ጫማ! ስኳር በሽታ ያለበት ሰው የዛገ ሽቦ መሃል በነጠላ ጫማ ይቆማል? ተቆጣሁት። "ሽቦው እግሬን ጫር አድርጎኛል፣ እስቲ እዪልኝ" አለ። ቆይ ዶሮዋን ልጨርስ አልኩት።

እሁድ፣ 4ኛ ቀን

መምህሩ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። ውሻው ክፉ አይደለም፣ ሊጫወት ፈልጎ ነው አለ። ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው የአጥሩን ድንበር ለውሻው ማስተማር አቅቶታል። ዶሮዋን ሲያይ ግን "ሲስተር፣ እርስዎ እጅ የገባ ቁስልማ ምን ይሆናል" አለ። ከቂሜ ግማሹን እዚያው ተውኩለት።

ከሰዓት በኋላ ሌሎቹም ጎረቤቶች መጡ። ለሁሉም አስረዳሁ፤ ለምን እንዳልሰፋሁት፣ ጨዉ ምን ያህል እንደሆነ፣ ዝንብ ካረፈችበት በማግሥቱ ትል እንደሚሆን። ድምፄ ድሮ በየአልጋው ስዞር እንደነበረው ወፍሮ ሲወጣ ተሰማኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። እሱ እንግዳ ለማስቀመጥ ወንበር ሲያመላልስ ዋለ።

ማክሰኞ፣ 6ኛ ቀን

ቁስሉ ንጹህ ነው፣ አዲስ ሥጋ ማብቀል ጀምሯል። እኔ በመራሁት ክፍል ሕግ አምስት ቀን ንጹህ የሆነ ታካሚ አልጋ ይለቃል። ካርቶኑም ኮሪደሩን ዘግቶብኛል። ወይዘሮን ቀይ መድኃኒት ቀብቼ ወደ ጓደኞቿ መለስኳት። በዚያ መድኃኒት የስንቱን ጉልበት፣ የስንቱን ክርን አድኛለሁ።

እሱ የዶሮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ "ቀይ ካዩ አይለቋትም፤ እናቴ ጥላሸት ነበር የምትቀባቸው" አለ። ልጃችንም ደውላ ያንኑ አለች፣ ስልኳ ላይ አንብባ። አንዷ ከስልክ፣ አንዱ ከእናቱ ጓዳ፤ ነርስ ትምህርት ቤት የሄደ ግን ከእኔ በቀር የለም። ጥላሸት ቁስል ላይ! ወይዘሮ ደስ ብሏት እየተንጎራደደች ገባች። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚሉት እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም።

ረቡዕ፣ 7ኛ ቀን

ነቁረዋታል። አምስቱም። ቀዩን ቦታ እየመረጡ። ቁስሉ ከመጀመሪያው እጥፍ ሆኗል። እሱ መሃላቸው ገብቶ በእጁ አወጣት። ውሃ እየፈላ ነው፤ በኋላ እጽፋለሁ።

ዓርብ፣ 9ኛ ቀን

ትናንት ለመጻፍ አፍሬ ተውኩት። ዶሮ ደም ያየችበትን ቦታ ትነቁራለች፤ ቀይ ቀለም ደግሞ ለእሷ ደም ነው። ይህን አራተኛ ክፍል የተማረ ያውቀዋል፤ አውቶቡስ ነጂ ያውቀዋል። እኔ ነኝ ያላወቅሁት። ልጃችን በስልክ "ሞኝና ወረቀት" ብላ ጀመረችና እናትነቴ ትዝ ሲላት ሳትጨርሰው ተወችው። እኔ ጨረስኩት በልቤ፤ የያዘውን አይለቅም።

እሱ ግን "ነግሬሽ ነበር" አላለም። ቢል ይሻለኝ ነበር፤ ተጨቃጭቀን ይወጣልን ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ እኔ ግን በዚህ ዝምታ ሠላሳ አራት ዓመት ስለፈለፍ ኖሬያለሁ።

ወይዘሮ ካርቶኗ ውስጥ ተመልሳለች። በቀን ሁለት ጊዜ እጥበት፣ ሦስት ጊዜ የዝንብ ፍተሻ። እሱ ይይዝልኛል፣ እኔ እሠራለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የሚያድረው ኮሪደሩ ጫፍ ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ውሻው ተመልሶ ቢመጣ ልሰማ ብሎ ፍራሽ አንጥፏል። እኔም ከማንኮራፋቱ ተገላገልኩ። ዝናብ ስለገባ ቦቲ ጫማ አድርጓል፤ ያን ያህል ስለተቆጣሁት ነው መሰል ቤት ውስጥ እንኳ አያወልቀውም። ሰው ሲመከር እንዲህ ይሰማል።

ሰኞ፣ 12ኛ ቀን

ሁለት ጥቅል ጎዝ ጠፋ። እኔ ዕቃዬን ቆጥሬ የማስቀምጥ ሰው ነኝ። ልጃችን ባለፈው ስትመጣ ወስዳ እንደሆነ ደውዬ ጠየቅኋት፤ "እማ፣ ሌባ አደረግሽኝ?" ብላ ዘጋችው። እሱ ቆሞ ሲሰማ ቆይቶ፣ እኔ ነኝ፣ የሽቦውን መቁረጫ ልጠርግበት ወሰድኩት አለ። ንጹህ ጎዝ ለዝገት! ሩብ ሰዓት ያህል ስለ ጎዝ አስተማርኩት፤ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ በእጅ እንዴት እንደማይነካ፣ ከቁስሉ ላይ ሲነሳ ቢጣበቅ በጨው ውሃ አርሶ እንጂ መንጭቆ እንደማይሆን። በጥሞና ሰማኝ። "ቢጣበቅ ምን ያህል ማርጠብ ነው?" ብሎም ጠየቀኝ። ለሽቦ መቁረጫ ነው እንግዲህ።

ሐሙስ፣ 15ኛ ቀን

የጠዋት ክኒኑን በእጄ አስውጬዋለሁ፤ ለስኳሩ የሚያስበው እኔ ባልኖር ማን ነበር?

እራት ላይ ዝም ስላለብኝ ጨዋታ ላምጣ ብዬ የአናጢውን ነገር አነሳሁ። ስኳር የነበረበት አናጢ ነበር፤ ሚስማር የወጋውን እግሩን ሦስት ሳምንት በካልሲ ደብቆ ቆይቶ መጣ። ክፍል ሙሉ ሰው እየሰማ፣ "እግር ያለው ሰው እግሩን ያያል፤ አንተ የምታየው የሰው ጣሪያ ነው" አልኩት። ተማሪ ነርሶቹ በሳቅ ሞቱ። ለዓመታት ሲያወሩት ነበር።

እሱ አልሳቀም። ከዚህ በፊት ስነግረው ይስቅ ነበር? አላስታውስም። "ሰውየው ምን ሆነ?" አለኝ። ከጉልበቱ በታች ቆረጡት አልኩት።

"እሱን አይደለም" አለ። "ስትናገሪው ምን ሆነ?"

ምን ይሆናል፣ አቀረቀረ። ይህን ለምን እንደጠየቀኝ እንጃ። እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ። የወይዘሮ የምግብ ፍላጎት ግን በጣም ጥሩ ነው።

ቅዳሜ፣ 17ኛ ቀን

ወይዘሮን ይዞልኝ እያጠብኩ ሳለ ድንገት ጠየቀኝ።

"ሲስተር፣ የቁስል ጠርዙ ቢጠቁር ምን ማለት ነው?"

"የሞተ ሥጋ ነው፤ ይቆረጣል።"

"ባይቆረጥስ?"

"ወደ ላይ ይወጣል። ምን አስጠየቀህ?"

"ለወይዘሮ ነው" አለ።

ላባዋን ገልጬ አየሁ፤ እንደ ሕፃን ድድ ሮዝ ነው። የት አየህ ጥቁር፣ ሟርተኛ፣ አልኩት። አሁንም አላቆመም። ዙሪያው ቢያብጥና ቢሞቅ፣ ግን ባያም? የማያም ቁስል ከሚያመው ይብሳል አልኩት። ወዲያው እጁ ላላና ዶሮዋ አምልጣ ጠረጴዛ ላይ ወጣች። ሠላሳ ዓመት መሪ የያዘ እጅ አንዲት ዶሮ መያዝ አቃተው ብዬ አሾፍኩበት።

ማክሰኞ፣ 20ኛ ቀን

ሽታ አለ። ኮሪደሩ ላይ። ካርቶኑን ቀየርኩ።

ረቡዕ፣ 21ኛ ቀን

ካርቶኑን ብቀይርም ሽታው አልሄደም። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። ክፍላችን ዓይኔን ጨፍኜ ብገባ በየትኛው አልጋ ላይ እንዳለ በአፍንጫዬ እነግራቸው ነበር፤ ዶክተሮቹ ሳይቀሩ ሲስተርን ጥሯት ይሉ ነበር። ወይዘሮን ከጭንቅላቷ እስከ ጥፍሯ ገለባበጥኳት። ንጹህ ናት። ኮሪደሩን በበረኪና አጠብኩት። ዕቃ ቤቱ በር ጋ ስደርስ ይብሳል። አይጥ ሞቶ ይሆናል አልኩ። እሱን ጠርቼ፣ አይጥ ሞቶብሃል፣ ፈልግ አልኩት። እሺ እፈልጋለሁ አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

በሩን ራሴ ከፍቼ ማየት እችል ነበር። ወገቤን አሞኝ ነበር፣ አይጥም እጠላለሁ። በሩ ቁልፍ እንኳን የለውም። ይህን ለምን እንደምጽፈው አላውቅም።

እሁድ፣ 25ኛ ቀን

ልጃችን መጣች፣ የጎዙን ነገር ይቅር ተባባልን። የወይዘሮን ጀርባ አሳየኋት፤ ላባ እንደ ጢም ብቅ ብቅ ብሏል። ፎቶ አነሳቻት፤ እኔንም ከነጓንቴ አነሳችኝ።

ዕቃ ሳጥብ ከጓሮ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። አባ ከሳህ ትለዋለች። ደህና ነኝ ይላል። ለእማ ልንገራት ትላለች፤ "ተያት፣ እናትሽ ታካሚ አላት" አላት። ስወጣ የወይዘሮን ነገር አነሱ። እኔም ምን እያወራችሁ ነው ብዬ አልጠየቅሁም፤ በአባትና በልጅ መሃል መግባት አልወድም። ከመቼ ጀምሮ እንደማልወድ ልጃችን ብትሰማ ትስቅ ነበር። ክኒኑን ግን ዛሬም በእጄ ነው ያስዋጥኩት።

ሐሙስ፣ 29ኛ ቀን

ወይዘሮ ዛሬ ቤቷ ገባች። ቁስሉ ተዘግቷል፤ ለጥንቃቄ ጠባሳውን ወይን ጠጁን መድኃኒት ቀባሁት። ከማንም የሰማሁት አይደለም፣ ራሴ አስቤበት ነው። አምስቱ ዶሮዎች ቀርበው አዩዋት፣ ዞር አሉ። አንዷ ብቻ አንድ ጊዜ ጫር አድርጋ ተወቻት፤ ይህ በዶሮ ዓለም እንኳን ደህና መጣሽ ማለት ይመስለኛል።

ጎረቤት ሁሉ አጥሩ ላይ ነበር። መምህሩ አጨበጨበ፤ ውሻው ከኋላው ታስሮ ያዛጋል። እጄን እያደራረቅሁ የቁስሉን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሬ ተረክሁ። ቀይ መድኃኒቱን ዘለልኩት።

ሰዉ ሲበተን መምህሩ ቀረና በቀስታ፣ "ባለቤትዎ ግን ምነው እያነከሱ ነው?" አለኝ። ሹፌር መቼ መራመድ ያውቃል ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። እኔም ቤት ከገባሁ በኋላ ሳቄ ለምን እንዳልጣመኝ ሳስብ ቆየሁ። ዛሬ በበዓሌ ቀን ባለቤቴ ወንበር አላመላለሰም፤ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ነገ እጠይቀዋለሁ።

ዓርብ፣ 30ኛ ቀን

ለቁርስ አልመጣም። ክኒኑን ይዤ ሄድኩና በሩን ከፈትኩት።

ሽታው ፊት ለፊት ተቀበለኝ። ፍራሹ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። ቦቲውን አላወለቀም። ጥግ ላይ የጨው ውሃ ያለበት ሳህን፣ የወይዘሮ ስሪንጅ፣ የቀይ መድኃኒቱ ጠርሙስ፣ ታጥበው የተሰጡ ፋሻዎች። ሁሉም በረድፍ፣ እኔ እንደማስቀምጠው።

ጫማው አልወጣ አለ። በላባ መቀሱ ቀደድኩት።

"ሲስተር፣ አትቆጪኝ" አለ።

ፋሻውን ፈታሁ። ከታች ወደ ላይ ተጠቅልሏል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ጎዙ አራት ማዕዘን ታጥፏል። የእኔ አጠቃለል ነው። ወር ሙሉ ዶሮ እየያዘልኝ ተምሮታል። ተማሪ ቢሆን ሙሉ ማርክ እሰጠው ነበር። ከሥሩ ሁለቱ ትናንሽ ጣቶች ጠቁረዋል፣ ቅላቱ ቁርጭምጭሚቱን አልፏል።

ሽቦው የጫረው የዶሮዋ ሁለተኛ ቀን ላይ ነው። ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት፤ በእጄ ጽፌዋለሁ። እዪልኝ አለ፣ ቆይ አልኩ። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም፤ እኔ ደግሞ የአናጢውን ጨዋታ አወራሁለት። ጥቁሩን ጠየቀኝ፣ እብጠቱን ጠየቀኝ፣ የማያመውን ጠየቀኝ። ሁሉንም በትክክል መልሻለሁ። ዶሮዋን እያየሁ።

መምህሩ መኪናውን አስነስቶ ሆስፒታል ወሰደን።

ቅዳሜ፣ 31ኛ ቀን

ያስተኙት እኔ በሠራሁበት ክፍል ነው። ቀለሙን ቀይረውታል፤ አልጋዎቹ እነዚያው ናቸው። በመንገድ ሁሉ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር የመጣሁት። እዚህ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ዋና ነርስ ነበርኩ፣ እሱን በደንብ ያዙልኝ ልል።

የመጣችው ነርስ ልጃችንን ታክላለች። ፈጣን ናት፣ ምላሷም ፈጣን ነው። እግሩን ገልጣ አየች። "አባቴ፣ ይሄ እግር እዚህ እስኪደርስ ቤት ውስጥ የሚያይልዎት ሰው የለም?" አለችው፣ ዙሪያው ያለው ሁሉ እየሰማ።

አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀደመኝ።

"የለም፣ ልጄ። እሷ ጎረቤቴ ናት፤ ደግ ሆና አመጣችኝ።"

ነርሷ ወደ እኔ ዞራ፣ እግዚአብሔር ይስጥዎት እማማ አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ሌላ ምንም አላደረግሁም።

ስትሄድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለምን እንዲህ አልክ ብዬ ጠየቅሁት። ከንፈሩ በትኩሳት ደርቋል።

"እዚህ ስም አለሽ" አለ። "በእኔ እግር ይበላሽ?"

አለቀስኩ። ሰው በዚህ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ሲያለቅስ አይቼ፣ ወጣ በሉና አልቅሱ ያልኩ ሰው ነኝ። እሱ እጄን ይዞ፣ ወይዘሮ እንቁላል ጀመረች ወይ አለኝ። አላየሁም አልኩት።

እሁድ፣ 32ኛ ቀን

ጎረቤት ሆኜ ዋልኩ። ነርሷ እጅ እንዴት እንደሚታጠብ አስተማረችኝ፣ በጣቶች መሃል፣ በጥፍር ሥር። እሺ አልኳት። ጎዝ በእጅ እንደማይነካ ነገረችኝ። እሺ አልኳት። ጎበዝ እማማ አለችኝ። ትክክል ናት፣ አንድም አልሳተችም፤ አንድ ሁለት ጊዜ ስህተት ብፈልግባትም አላገኘሁም።

ውጭ ለሌላዋ ስታወራ ግን ሰማኋት። "ሚስት ያለችው አይመስልም፣ አለባበሱ ንጹህ ነው፤ እግሩን ግን ማንም አላየለትም" አለች። ሸሚዙን የተኮስኩት እኔ ነኝ። ይህን ሄጄ ልነግራት ተነሳሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ልጃችን ነገ በጠዋት ትሳፈራለች፤ ደውዬ ስነግራት "አባ ነው ተያት ያለኝ" ብላ አለቀሰች። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አልኳት። የማን እንደሆነ አልጨመርኩም።

ሰኞ፣ 33ኛ ቀን

ሐኪሙ ጠዋት አየው። ሁለቱን ጣቶች ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይቆርጣሉ፤ ከዚያ በላይ መሄድ አለመሄዱን ከፍተው ካላዩ አያውቁም። እግሩን ሊያጣ ይችላል። በትክክል ነው የተናገረው፣ እኔም ለሰው ስናገር እንዲሁ ነበር የማደርገው፣ ሳልቀመጥ።

ትኩሳቱ ሌሊቱን ከፍ ብሎ ስለነበር እሱ ሲናገሩት ይነቃል፣ መልሶ ይተኛል። ነርሷ የስምምነቱን ወረቀት ይዛ መጣች። ፈራሚ የቅርብ ቤተሰብ መሆን አለበት፤ ጎረቤት አይፈርምም አለች። ልጁ መቼ እንደምትደርስ ጠየቀችኝ። ማታ አልኳት። ሐኪሙ እስከ ማታ አይጠብቅም፣ ወረቀቱ አሁን ያስፈልገኛል አለች። ሌላ ዘመድ የለውም እማማ?

ወረቀቱን ከእጇ ተቀበልኩ። ያው የድሮው ወረቀት ነው፤ የመስመሮቹን ቦታ በቃሌ አውቀዋለሁ። ከስም ቀጥሎ "ዝምድና" ይላል። ስንቱን ሰው፣ እዚህ ጋ፣ ቶሎ በሉ እያልኩ አስፈርሜያለሁ። "ሚስት" ብዬ ጻፍኩ።

አንብባው ቀና አለች።

"ሚስቱ ነዎት?"

"አዎ። እዚህ ክፍልም ሠላሳ አንድ ዓመት ነርስ ነበርኩ።"

ፊቷ ላይ ያለፈውን ሁሉ አየሁት። ልትቆጣኝ ነበር፣ ከዚያ ዕድሜዬን አየች፣ ከዚያ እሱን አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የጠየቀችኝ።

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ሲሆን የት ነበሩ?"

"ዶሮ ሳክም ነበር" አልኳት።

የቀለድኩባት መሰላት። ትንሽ ጠበቀችኝ፣ ሌላ ነገር እንድጨምር። ከዚያ እስክሪብቶውን ሰጠችኝና የምፈርምበትን ቦታ በጣቷ አሳየችኝ።